ከምሥረታው ዕለት ይልቅ ሦስተኛው ዓመት፦ ለአነስተኛ ንግድ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ በአዋሽና በሰመራ መመዘን



መንግሥት ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚያደርገው ድጋፍ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በሰመራና በሎግያ ከሚኖሩት ምእመናን መካከል በመንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ጎማ የሚጠግኑ፣ ብሎኬት የሚያመርቱና ልብስ የሚሰፉ አሉ። አሥራቱና ስእለቱ የሚወጣው፣ የልጆች ደብተር የሚገዛው ከዚሁ ገቢ ነው። «ተደራጁ» ሲባሉ የንስሐ አባታቸውን ምክር ይጠይቃሉ፤ ዕዳው ሲከብዳቸውም ችግራቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ ደጀ ሰላሙ ነው። ስለዚህ የምንሰጠው ምክር በመልካም ምኞት ብቻ ሳይሆን በዕውቀት የተደገፈ ሊሆን ይገባል።

በዚህ ትምህርት የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የድጋፍ ፖሊሲ መልካም መሆኑ በምን ይታወቃል? የተለመደው መልስ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ማኅበራት ተደራጁ፣ ይህን ያህል ብር ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ሼድ ተላለፈ ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች አስፈላጊ ቢሆኑም የሥራውን መጀመሪያ እንጂ ፍሬውን አያሳዩም። በመጀመሪያው ዓመት ንግዱን የሚያቆመው የብድሩ ገንዘብ ነው። በሁለተኛው ዓመት የዕዳ ክፍያው ይጫነዋል። በሦስተኛው ዓመት ግን ንግዱ በራሱ ሽያጭ መቆም አለመቆሙ ይለያል። እንግዲህ የፖሊሲን ውጤት የምንመዝነው በምሥረታው ዕለት በተሰጠው ጭብጨባ ሳይሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ሱቅ በዚያው ባለቤት እጅ ተከፍቶ በመገኘቱ ነው።

፩. ፖሊሲው እስከ ዛሬ የመጣበት መንገድ

በሀገራችን የመጀመሪያው ብሔራዊ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ የወጣው በኅዳር 1990 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ይህን የሚያስፈጽም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ስትራቴጂው በ2003 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ ኢንተርፕራይዞችን በሠራተኛና በሀብት መጠን ለይቶ ደነገገ። በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሠራተኛና እስከ 100,000 ብር ጠቅላላ ሀብት ያለው «ጥቃቅን»፣ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ሀብት ያለው «አነስተኛ» ተባለ። ለአገልግሎት ዘርፍ የሀብቱ ጣሪያ 50,000 እና 500,000 ብር ሆነ። የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ የማምረቻና የመሸጫ ሼድ፣ እንዲሁም ተበዳሪው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን የሚበደርበት አሠራር የዚህ ዘመን ዋና ዋና ድጋፎች ናቸው።

ከዚያ በኋላም ሌሎች በሮች ተከፍተዋል። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቋመ። በዚሁ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር ሰመራ አንዷ ነበረች፤ ፕሮግራሙም በአካባቢ ልማት ሥራ ለተሠማሩ ድሆች የቀን ክፍያ እየሰጠ፣ ቁጠባን እያለማመደ ወደ ራስ ሥራ የሚያሸጋግር ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና የሚሆንበትን ሕግ አወጣ። ሥራ ፈጠራን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ድጋፉ የለም ማለት ከእውነት የራቀ ነው፤ በሩ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ በሩ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ በደጋ ያሉ ትልልቅ ከተሞችን አስቦ ነው። ለምሳሌ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በመጀመሪያ የገባባቸው ስድስት ከተሞች አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ ነበሩ። ከአፋር ክልል አንድም ከተማ አልነበረም። ስለዚህ የኛ ጥያቄ «ድጋፍ አለ ወይ?» ከማለት አልፎ «ያለው ድጋፍ ለዚህ ቆላ፣ ለዚህ ሕዝብ ይስማማል ወይ?» ወደሚለው መድረስ አለበት።

፪. ሁለቱ ከተሞችና ንግዳቸው

አዋሽ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው የቀድሞው ሐዲድ ወለዳት፤ መንገደኛውን የሚመግቡና የሚያሳድሩ ሰዎች አሳደጓት። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የመንገደኛው አካሄድ ተለወጠ፤ ባቡሩ ሲያልፍ በመስኮቱ ሥር ይሸጥ የነበረው ንግድም አብሮ ተለወጠ። ሰመራ ደግሞ የመንግሥት ከተማ ናት። ከአሳይታ ቀጥላ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ ቢሮዎቹና ዩኒቨርሲቲው ደመወዝተኛ አምጥተውላታል። ጎረቤቷ ሎግያ ግን እንደ አዋሽ በከባድ መኪና ሾፌሮችና በመንገደኞች ትተዳደራለች። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከአዋሽ በሚሌና በሎግያ ወደ ጋላፊ የሚወስደው መንገድ የሁለቱም ከተሞች ሕይወት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሸለቆ ያለ አነስተኛ ንግድ ሦስት ጠባይ አለው። ደንበኛው አላፊ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ገበያው ይዘጋል። ነጋዴውም ብዙ ጊዜ ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው። የአካባቢው ባለቤት የሆነው የአፋር አርብቶ አደር ሀብት ደግሞ በባንክ ሳይሆን በግመሉ፣ በከብቱና በፍየሉ ላይ ነው። መመዘኛችንም ከእነዚህ ሦስት ጠባያት መነሣት አለበት።

፫. አምስቱ የመመዘኛ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «በሩ የሚከፈተው ለማን ነው?» የሚለው ነው። ለመደራጀት የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል። ከወሎ፣ ከሸዋ ወይም ከሐረርጌ መጥታ በአዋሽ ቤት ተከራይታ ጠላና ሻይ የምትሸጥ እናት መሸኛ ካላመጣች ነዋሪ ሆና አትመዘገብም፤ ካልተመዘገበችም በመመሪያው ፊት የለችም። በሌላ በኩል ከገጠር ቀበሌ ወደ ሰመራ የገባ የአፋር ወጣት ቅጹን የሚያገኘው በማያነበው ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ለሁሉም የተከፈተ በር በተግባር ለማን እንደሚዘጋ ማየት የምዘናችን መጀመሪያ ነው። አጥቢያው መሸኛ ለሚያስፈልጋቸው ምእመናን የቀድሞ አጥቢያቸውን በመጠየቅና ለፋይዳ መታወቂያ እንዲመዘገቡ በመምከር ብቻ እንኳ ብዙ ሊረዳ ይችላል።

ሁለተኛው «ዋስትናው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ቤትና መኪና የሌለው ሰው በቡድን ተደራጅቶ እርስ በርሱ ዋስ ይሆናል። ይህ አሠራር መልካምነት አለው፤ ድሃ ከድሃ ጋር ተደጋግፎ ብድር እንዲያገኝ ያደርጋል። ነገር ግን ስሌቱን አስቀድሞ ማየት ይገባል። አምስት ወጣቶች 300,000 ብር የሚያወጣ የብሎኬት ማምረቻ ማሽን ለመግዛት ተደራጁ እንበል። 20 በመቶው፣ ማለትም 60,000 ብር፣ ከቁጠባቸው ይወጣል። የቀረው 240,000 ብር ብድር ሲሆን ለእያንዳንዱ 48,000 ብር ዕዳ ይደርሰዋል። ሁለቱ በስድስተኛው ወር ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ቢሻገሩ፣ የቀሩት ሦስቱ ለእያንዳንዳቸው 80,000 ብር ይሸከማሉ። በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢታሰብ፣ ዋናው ዕዳ ሳይነካ የአንድ ዓመቱ ወለድ ብቻ 36,000 ብር ነው። እንግዲህ የጸኑት ሦስት ወጣቶች የሚቀጡት ስለ ስንፍናቸው ሳይሆን ስለ ጽናታቸው ነው። ይህን ስሌት ከፊርማው በፊት በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያሳያቸው ሰው ሊኖር ይገባል፤ ይህም የአባት ሥራ ነው።

በዚህ ነጥብ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ለአፋር ምድር ትልቅ ተስፋ ይዟል። አዋጁ የቤት እንስሳት፣ መሣሪያና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት ተመዝግቦ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷልና። የመሬት ይዞታው በጎሣ የጋራ በሆነበት፣ ሀብቱም በእግሩ በሚሄድበት አካባቢ ከዚህ የሚስማማ ሕግ ማሰብ ይከብዳል። ሆኖም ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ መውጣቱ ብቻ አይበቃም። በአካባቢያችን ያለው ቅርንጫፍ ግመልን መያዣ አድርጎ አበድሯል ወይ? ከብቱን የሚገምተው ማን ነው? ድርቅ ቢመጣ ኪሣራው የማን ነው? የፖሊሲው ልክ የሚታወቀው በእነዚህ መልሶች ነው።

ሦስተኛው «የብድሩ ጠባይ ከሰዎቹ እምነትና ከገቢያቸው ወቅት ጋር ይስማማል ወይ?» የሚለው ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወለድ ያለበትን ብድር በእምነታቸው ምክንያት ይሸሻሉ። ይህ ለእኛም እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በኒቅያ የተሰበሰቡ 318ቱ ሊቃውንት በ17ኛው ቀኖናቸው ካህናት በአራጣ እንዳያበድሩ ከልክለዋልና። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ብቻ የሚሰጡት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በሌሎች ባንኮችም ይኸው አገልግሎት በልዩ መስኮት ይሰጣል። ድጋፉ በወለድ ብድር ብቻ ከሆነ ግን በአፋር ብዙው ሕዝብ ከበሩ ውጭ ይቀራል።

ወቅትን በተመለከተ ደግሞ የምግብ ቤትን ንግድ እንውሰድ። በዐቢይ ጾም የሥጋና የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ በረመዳን ቀን ቀን የሚበላ ሰው ይጠፋል። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ገቡ። ለሁለቱም እምነት ተከታዮች ምግብ የምትሸጥ ሴት ለአንድ ወር ያህል የቀን ገበያዋን በአንድ ላይ አጣች ማለት ነው። የብድር ክፍያው ግን በየወሩ እኩል ነው። የክፍያ ሠንጠረዡ የጾሙን ወራት አቅልሎ የበዓሉን ወራት ቢያከብድ አበዳሪው አይጎዳም፤ ተበዳሪዋ ግን ትድናለች። ይህን ዓይነት ማሻሻያ ለማቅረብ ከካህናትና ከአካባቢው የሃይማኖት አባቶች የተሻለ አስረጂ የለም።

አራተኛው «ገበያው የማን ነው?» የሚል ነው። በትልልቅ ከተሞች በኮብልስቶን ንጣፍና በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለተደራጁ ወጣቶች መንግሥት ሥራ ሰጥቶ ነበር፤ ብዙዎችም በዚህ እጃቸውን ፈተዋል። ነገር ግን ብቸኛው ገዢ መንግሥት የሆነበት ማኅበር በጀቱ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። በሰመራም ለቢሮዎች ወንበር የሚሠራ ወይም ለስብሰባ ምግብ የሚያቀርብ ማኅበር ተመሳሳይ አደጋ አለበት፤ ክፍያው ሲዘገይ ዕዳው አይዘገይምና። ስለዚህ ማኅበሩ ከመንግሥት ሌላ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ደንበኛ እንዳለው መጠየቅ ተገቢ ነው። አሥር ሰው በአንድ ዓመት በአንድ መንደር ለአንድ ዓይነት ሥራ ቢደራጅም እርስ በርሱ ገበያ ይሻማል እንጂ አያድግም።

አምስተኛው «በክፉ ቀን ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአዋሽ ወንዝ ጎርፍ በታችኛው ሸለቆ ብዙ ሕዝብ አፈናቀለ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለሳ ወረዳዎች በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕዝቡን ከቤቱ አውጥቶ በመጠለያ አሰፈረ። ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው ምድጃውንና ደንበኛውንም ትቶ ወጥቷል። የገንዘብ ለውጥም የራሱ መንቀጥቀጥ አለው። ስትራቴጂው በተሻሻለበት በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ዶላር 17 ብር ገደማ ነበር፤ ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ከ100 ብር አልፏል። ትናንት ማሽን ይገዛ የነበረ ብድር ዛሬ መለዋወጫውንም ላይገዛ ይችላል። እንግዲህ ውሉ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የክፍያ ማራዘሚያ አለው ወይ? መድን አለ ወይ? ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት መሬቱ ሳይነቃነቅ ነው።

፬. ምዘናውን እንዴት እንሥራ?

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን፣ የውሃውንና የግጦሹን፣ የሰላሙንና የገበያውን ወሬ በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ በዚህም ሐሰት መናገር ነውር ነው። ፖሊሲን መመዘን ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በዓይን ያዩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሚመለከተው ማድረስ ነው።

ለዚህም የምንመክረው ቀላል መዝገብ ነው። የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ወጣቶችን ይመድብ። ፈቃደኛ የሆኑ ባለ አነስተኛ ንግድ ምእመናን ይመዝገቡ። ለእያንዳንዱ ንግድ የተጀመረበት ቀን፣ የቆጠበውና የተበደረው ገንዘብ፣ የሠራተኛው ብዛት፣ የሚከፍለው ኪራይና ዋና ደንበኛው ይጻፍ። ከዚያ በስድስተኛው ወር፣ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ይጎብኝ። የጉብኝቱ ጥያቄ አጭር ነው፤ ንግዱ ክፍት ነውን? ባለቤቱ ያው ነውን? ዕዳው ቀንሷልን? ተዘግቶ ከሆነስ ምክንያቱ ከአምስቱ የትኛው ነው?

ሦስት ጥንቃቄዎችን እንጨምር። የሰው የገንዘብ ምሥጢር እንደ ንስሐ ምሥጢር ባይሆንም በአደባባይ የሚነበብ አይደለም፤ ሪፖርት ሲቀርብ ቁጥሩ እንጂ ስሙ አይጠራ። መዝገቡም ከከሳሽነት የራቀ ይሁን፤ ለወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ የተሳካውን አስቀድሞ፣ ያልተሳካውን ከነምክንያቱ፣ መፍትሔውንም ከነአፈጻጸሙ ያሳይ። የቤተ ክርስቲያን ንብረት ደግሞ ለግለሰብ ወይም ለማኅበር ብድር ዋስ እንዳይሆን እንመክራለን፤ ድሃውን የምንረዳው በምክር፣ በሥልጠናና በትስስር እንጂ የምእመናንን አደራ በማስያዝ አይደለም።

፭. ሚዛኑን ወደ ራሳችን ስናዞረው

ሌላውን የሚመዝን ራሱንም በዚያው ሚዛን ሊያስቀምጥ ይገባዋል። አንዳንድ አጥቢያዎቻችን በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ። ይህ ለአገልጋዮች ደመወዝና ለሕንፃ ሥራ የሚውል ተገቢ ገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው መጠን አጥቢያው ራሱ የአነስተኛ ንግድ ፖሊሲ አውጪ ሆኗል ማለት ነው። ውሉ የስንት ዓመት ነው? ኪራዩ በየዓመቱ በጨረታ የሚጨምር ከሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ደንበኛ ያፈራችው ልብስ ሰፊ በሦስተኛው ዓመት ቦታዋን ለባለ ገንዘብ ትለቃለች። መንግሥትን «ሦስተኛውን ዓመት አሳየን» የምንል እኛ፣ በራሳችን ሱቆች ሦስተኛውን ዓመት ያየ ስንት ተከራይ አለን?

መፍትሔውም በእጃችን ነው። ከሱቆቹ አንዷን ወይም ሁለቷን ለጀማሪዎች መለየት፣ ለሦስት ዓመት የጸና ውል መስጠት፣ የኪራዩን ጭማሪ አስቀድሞ በውሉ ማስፈር ይቻላል። የአጥቢያው ገቢ በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ዳሩ ግን ቆሞ የሚነግድ ምእመን ከወደቀ ምእመን ይልቅ ቤተ ክርስቲያኑን ይረዳል። ይህም ከእምነት ልዩነት በላይ ይሁን፤ በሎግያ ጎማ የሚጠግነው ክርስቲያንና አጠገቡ ሻይ የሚሸጠው ሙስሊም ጎረቤቱ አንድ መንገድ ይመግባቸዋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ እንደ ኖረ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ሥራቸው አንድ ስለ ነበረ አብረው ተቀመጡ፤ ቤታቸው የሥራ ቤት ብቻ ሳይሆን የወንጌል ማረፊያም ሆነ። አንድ ትንሽ የሥራ ቤት ከቆመ በውስጡ ብዙ ነገር አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የሥራ ቤቶችን እንዲቆሙ የሚረዳ ፖሊሲን ማመስገን፣ ሳይቆሙ የሚጥላቸውንም ማሳየት የአገልግሎታችን አንድ ክፍል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሦስት ዓመታት በአጥቢያችሁ ከተደራጁት መካከል ዛሬም የሚሠሩት የትኞቹ ናቸው? የተዘጉትስ ከአምስቱ ጥያቄዎች በየትኛው ወደቁ?
2. በአካባቢያችሁ ያለ አበዳሪ ተቋም እንስሳትን በመያዣነት ይቀበላል? ከወለድ ነፃ አገልግሎትስ ይሰጣል?
3. የብድር ክፍያ በጾም ወራት እንዲቀል ለመጠየቅ ከአካባቢው የሙስሊም አባቶች ጋር እንዴት ልትመክሩ ትችላላችሁ?
4. አጥቢያችሁ የሚያከራያቸው ሱቆች ውል ለጀማሪ ነጋዴ ስንት ዓመት ይሰጣል? ምን ሊሻሻል ይገባዋል?